የኔትወርክ መቃኛ መሣሪያን በትእዛዝ መስመር ስለ መጫንና ስለ ማስወገድ

በደብረ ማርቆስ ከተማም ሆነ በደጀን፣ በብቸና፣ በሞጣ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አንድ የኢንተርኔት መስመር ለብዙዎች ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጥ ሱቅ፣ የግል ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በአንድ ራውተር ላይ ኮምፒውተሮችን፣ ማተሚያዎችንና ስልኮችን ያገናኛል። የይለፍ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ በመስመሩ ላይ ማን እንዳለ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አይገኝም። ከእነዚህ ኮምፒውተሮች በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የደንበኞች የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ፣ የፈተና ውጤት፣ የውርስና የሽያጭ ውል፣ የሕክምና ማስረጃ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ «በዚህ መስመር ላይ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ የሱቁን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ሰነዱን አሳትሞ የሄደውን ተገልጋይ ሁሉ ይመለከታል።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚሠራባቸው ነጻ መሣሪያዎች አንዱ ኤንማፕ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል በአራት ሆሄያት ይጻፋል፤ ኤን፣ ኤም፣ ኤ፣ ፒ። መሣሪያውን «ፊዮዶር» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ጎርደን ሊዮን ነሐሴ 26 ቀን 1989 ዓ.ም. ፍራክ በተባለው መጽሔት 51ኛ ዕትም ላይ ለሕዝብ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች የዘወትር መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል።

የመሣሪያው አሠራር ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ወደ ሰው ግቢ የሚዘልቅ እንግዳ አስቀድሞ በደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ከመጣ ቤቱ ሰው እንዳለበት ይታወቃል። ኤንማፕም በመስመሩ ላይ ወዳለው እያንዳንዱ አድራሻ አጭር መልእክት ይልካል፤ መልስ የሰጠውን ይመዘግባል። ቀጥሎም የእያንዳንዱን ማሽን በሮች ይጠይቃል። እነዚህ በሮች ፖርት ይባላሉ፤ ቁጥራቸው እስከ 65,535 ይደርሳል። ተጠቃሚው ሌላ ካላዘዘው በስተቀር መሣሪያው የሚጠይቀው በብዛት የሚሠራባቸውን 1,000 ብቻ ነው። 80 እና 443 የድረ ገጽ፣ 22 የርቀት ትእዛዝ መቀበያ፣ 445 የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ፣ 9100 የማተሚያ በሮች ናቸው። «ቤቶች!» ማለት ነውር የለበትም። ባለቤቱ ሳያውቅ በሌሊት በሰው ግቢ እየዞሩ በር በር መሞከር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከቴክኒኩ አስቀድሞ ስለ ፈቃድ መናገር የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ሆነ ብሎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዳታ ወይም ኔትወርክ መድረስን ወንጀል አድርጎ ይደነግጋል። ቅጣቱ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። ድርጊቱ ለሕግ ሰውነት ላለው አካል አገልግሎት ብቻ በተዘጋጀ ሥርዓት ላይ ሲፈጸም ቅጣቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ፣ በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ሲፈጸም ደግሞ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይሆናል። የሕጉ ትኩረት ድርጊቱ ነው እንጂ ኤንማፕን በኮምፒውተር ላይ ጭኖ መገኘት አይደለም። ይሁን እንጂ ያለ ፈቃድ የተደረገ ቅኝት ሌላ ነገር ከተከተለው በምርመራ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው እርምጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ መሥራት የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ ለመቃኘት ፈቃድ አይሆንም። አንድ ሠራተኛ በወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ስለ ተሰጠው ወረዳ ኔትን የመቃኘት ሥልጣን አያገኝም፤ መስመሩ ከዚያ ወረዳ አጥር ወጥቶ ሌሎች ተቋማትን የሚያገናኝ ነውና። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪም ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ልምምድ በግቢው መስመር ላይ ለማድረግ ቢፈልግ አስቀድሞ ኔትወርኩን ከሚያስተዳድረው ክፍል ፈቃድ ማግኘት አለበት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በፈተና ሰሞን በዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የሚደረግ ያልታወቀ ቅኝት እንደ ቀልድ ሊታይ አይችልም። በገዛ ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ ከራውተሩ ወደ ውስጥ ያለው ኔትወርክ ግን የባለቤቱ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ራሱ ሊቃኘው ወይም ለባለሙያ ሊፈቅድ ይችላል።

ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የባለቤቱና የባለሙያው ስም፣ የሚቃኘው አድራሻ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ውጤቱ ለማን እንደሚሰጥ፣ ሥራው ሲያበቃ መሣሪያውና ውጤቱ ከኮምፒውተሩ እንደሚወገድ። የመጨረሻው ሐረግ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈልገው ግን እርሱ ነው።

ወደ መጫኑ ስንመጣ፣ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሥራው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ትእዛዞች በማሽኑ ላይ የሚጻፉት በላቲን ትንንሽ ፊደላት ስለሆነ፣ በዚህ ማብራሪያ የቀረበው ንባባቸው ነው። ተጠቃሚው ተርሚናሉን ከፍቶ በመጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» የሚለውን ይጽፋል። ሱዶ (ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ) ትእዛዙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲፈጸም የሚጠይቅ ሲሆን፣ አፕት (ኤ፣ ፒ፣ ቲ) ደግሞ የሶፍትዌር ጥቅሎችን የሚያመጣና የሚያስወግድ ፕሮግራም ነው። ይህ ትእዛዝ ምንም አይጭንም፤ በማከማቻው ያሉትን ጥቅሎች ዝርዝር ብቻ ያድሳል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤንማፕ» ይጻፋል። ማሽኑ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የሚጻፈው ቃል በማያ ገጹ ላይ በነጥብም ሆነ በኮከብ ላይታይ ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ከዚያም ከኤንማፕ ጋር አብረው የሚጫኑትን ጥቅሎች ዘርዝሮ ፈቃድ ይጠይቃል። ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ወይም በስልክ ፎቶ መያዝ በኋላ በማስወገዱ ጊዜ ይጠቅማል። መጫኑን ለማረጋገጥ «ኤንማፕ» ብሎ፣ ክፍት ቦታ ትቶ፣ ሁለት ሰረዝ አስከትሎ «ቨርዥን» መጻፍ ይበቃል፤ የዕትሙ ቁጥር ከመጣ ተጭኗል ማለት ነው።

በክረምት፣ መብራት በሚሄድበት ሰሞን፣ ጭነቱ በመካከል ሊቋረጥ ይችላል። መብራቱ ሲመለስ አፕት ሌላ ሥራ አልቀበልም ብሎ፣ ዲፒኬጂ የተባለው የውስጥ ፕሮግራም እንደ ተቋረጠ ይናገራል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ መጫን አያስፈልግም። «ሱዶ ዲፒኬጂ» ተብሎ፣ ሁለት ሰረዝና «ኮንፊገር» ተከትሎ፣ በመጨረሻም ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ኤ ሲጻፍ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህች አንዲት መስመር ባለማወቅ ኮምፒውተሩን ወደ ጠጋኝ መውሰድ ገንዘብና ቀን ማባከን ነው።

ኢንተርኔት በማይገኝበት ወይም በተቋረጠበት ቦታ ጥቅሎቹን ከሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። መስመር ባለበት ኮምፒውተር ላይ ያው የመጫኛ ትእዛዝ ተጽፎ፣ «ኢንስቶል» ከሚለው ቃል በኋላ በሁለት ሰረዝ «ዳውንሎድ ሰረዝ ኦንሊ» ሲጨመርበት፣ ማሽኑ ጥቅሎቹን አውርዶ ሳይጭናቸው ያስቀምጣል። ፋይሎቹ የሚገኙት በ«ቫር» ማኅደር ውስጥ፣ በ«ካሽ»፣ በ«አፕት»፣ በ«አርካይቭስ» ሥር ነው። ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ግን አሉ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት የኡቡንቱ ዕትም ሊኖራቸው ይገባል። ከዚህም በላይ፣ ማውረጃው ኮምፒውተር አንዳንዶቹን ደጋፊ ጥቅሎች አስቀድሞ ከያዘ ደግሞ አያወርዳቸውም፤ ተጠቃሚው ፍላሹን ይዞ ብቸና ከደረሰ በኋላ አንድ ጥቅል ጎድሎ ያገኛል። ስለዚህ ከመንገድ በፊት የወረዱትን ከዝርዝሩ ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። መድረሻው ላይ ፋይሎቹ ባሉበት ማኅደር ውስጥ ተሁኖ «ሱዶ ዲፒኬጂ»፣ ሰረዝ አይ፣ ከዚያም ኮከብ፣ ነጥብና «ዴብ» ሲጻፍ ሁሉም በአንድነት ይጫናሉ።

በዊንዶውስ ላይ የሚጫነው ከመሣሪያው ይፋዊ ድረ ገጽ የሚወርድ ፋይል ነው። በቴሌግራም ቡድኖች የሚዘዋወሩ፣ «የተሰበረ» ወይም «ሙሉ ዕትም» የሚል ስም የተለጠፈባቸው ቅጂዎች አያስፈልጉም፤ ዋናው በነጻ የሚገኝ መሣሪያ ስለሆነ የሚሰበር ቁልፍ የለውም። እንዲህ ያለ ቅጂ ውስጥ ሌላ ነገር ተደብቆ የመምጣቱ ዕድል ከፍተኛ ነው። በጭነቱ ሂደት ኤንፒካፕ የተባለ ድራይቨር አብሮ ይጫናል። ይህ ድራይቨር መሣሪያው የኔትወርክ መልእክቶችን በቀጥታ እንዲልክና እንዲቀበል የሚያስችል ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም መሆኑ በማስወገዱ ጊዜ ጉዳይ ያመጣል።

ስለ አጠቃቀሙ ለዚህ ማብራሪያ ዓላማ አንድ ትእዛዝ ይበቃል። በሊኑክስ ላይ «ሱዶ ኤንማፕ»፣ ሰረዝ ኤስ ኤን፣ ከዚያም የኔትወርኩ አድራሻ ይጻፋል። አድራሻው በብዙ የቤት ራውተሮች ላይ 192.168.1.0/24 ነው። ትእዛዙ በሮችን አይነካም፤ በመስመሩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ብቻ ይዘረዝራል። ሱዶ ከቀረ ብዙ ስልኮች ሳይታዩ ሊያልፉ ይችላሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሠሪው ያልታወቀ መሣሪያ ሲገኝ ጎረቤትን ለመጠርጠር መቸኮል አይገባም። የቅርብ ጊዜ ስልኮች ባለቤታቸውን ከክትትል ለመጠበቅ ሲሉ የራሳቸውን የመለያ ቁጥር ይቀያይራሉ፤ ያ «ያልታወቀ» መሣሪያ የባለቤቱ የራሱ ልጅ ስልክ ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃሉን ቀይሮ፣ ለሚገባቸው ሰጥቶ፣ በማግስቱ እንደገና መቃኘት ከጎረቤት ጋር ከመጣላት ይሻላል።

ሥራው ካበቃ በኋላ መሣሪያው የጋራ መገልገያ በሆነ ኮምፒውተር ላይ መቆየት የለበትም። በሱቅ ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ የቀረ ኤንማፕ የመጣው ሁሉ የሚሞክረው ይሆናል፤ የሚጠየቀው ግን የኮምፒውተሩ ባለቤት ነው።

በኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ኤንማፕ» ፕሮግራሙን ያስወግዳል፤ የማስተካከያ ፋይሎቹን ግን ሊተዋቸው ይችላል። እነዚያንም ለማጥፋት «ሪሙቭ» በሚለው ቦታ «ፐርጅ» ይገባል። አብረው የመጡት ደጋፊ ጥቅሎች የሚነሱት «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» ሲባል ነው። ይህ ትእዛዝ ኤንማፕን ብቻ የተመለከተ አይደለም፤ በማሽኑ ላይ ማንም አይፈልጋቸውም ብሎ የገመታቸውን ጥቅሎች ሁሉ ያነሣል። ስለዚህ አዎ ከማለት በፊት የሚያቀርበውን ዝርዝር በጭነቱ ጊዜ ከተያዘው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ውስጥ የማይታወቅ ስም ከታየ «ኤን» ብሎ አቁሞ፣ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ጉዳት የለውም። ትርፍ ጥቅል በዲስክ ላይ ቢቀር የሚወስደው ጥቂት ቦታ ነው፤ የሚያስፈልግ ጥቅል ቢጠፋ ግን ቢሮው ሥራ ይፈታል።

አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙ ተወግዷል ተብሎ፣ በማግስቱ ስሙ ሲጻፍ እንደገና ይሠራል። አስማት የለበትም፤ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ተጭኖ ነበር ማለት ነው። «ዊች»፣ ሰረዝ ኤ፣ ኤንማፕ ብሎ ሲጠየቅ ማሽኑ መሣሪያው ያለበትን ቦታ ሁሉ ይናገራል። በመልሱ ውስጥ «ስናፕ» የሚል ቃል ካለ በሌላው የጥቅል ሥርዓት የተጫነ ስለሆነ «ሱዶ ስናፕ ሪሙቭ ኤንማፕ» ያስወግደዋል፤ አፕት አያየውም። «ሎካል» የሚል ካለ ደግሞ ከምንጭ ኮዱ በእጅ የተሠራ ነው፤ የተሠራበት ማኅደር ካልጠፋ በዚያው ውስጥ «ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል» ይባላል። ተማሪዎች ለልምምድ በተጠቀሙባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ማግኘት ይቻላል።

በዊንዶውስ ላይ ኤንማፕ ከፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ተመርጦ ይወገዳል። ኤንፒካፕ በዚያው ዝርዝር ውስጥ በራሱ ስም ስለሚገኝ ለብቻው መወገድ አለበት። ሆኖም ዋየርሻርክ የተባለው የመልእክት መመርመሪያ በዚሁ ድራይቨር ስለሚሠራ፣ ያ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ካለና የሚሠራበት ሰው ካለ ኤንፒካፕን መተው ይገባል።

ፕሮግራሙን ማስወገድ የቅኝቱን ውጤት አያስወግድም። ውጤቱ ወደ ፋይል እንዲጻፍ ታዝዞ ከሆነ፣ ፋይሉ በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ዜንማፕ የተባለው ባለ መስኮት አቻው ደግሞ የቀድሞ ቅኝቶችን ስሙ በነጥብ በሚጀምር የተሸሸገ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል። በተርሚናሉ ላይ የተጻፉት ትእዛዞችም በታሪክ መዝገብ ውስጥ ይቀራሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር የአንድን ድርጅት የውስጥ ካርታ ይሰጣል፤ ስንት ኮምፒውተር እንዳለ፣ የትኛው የቆየ ሶፍትዌር እንደሚሠራ፣ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ። ክፉ የሚያስብ ሰው በራሱ ሊሠራው ሰዓታት የሚፈጅበትን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። መሣሪያውን ማንም በደቂቃ ውስጥ መልሶ ሊጭነው ስለሚችል፣ ከመሣሪያው ይልቅ ይህ ዝርዝር የበለጠ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ውጤቱ ለባለቤቱ በአንድ ቅጂ ተሰጥቶ፣ ከመቃኛው ኮምፒውተርና ከፍላሹ መጥፋት፣ በቴሌግራምም ላለመላክ መጠንቀቅ ያሻል።

በውጤቱ ውስጥ ቁጥር 445 ክፍት ሆኖ መገኘቱ በተለይ ሊታይ ይገባል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሣው ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች የተዛመተው በዚሁ በር፣ ያልታደሱ ዊንዶውሶችን እየፈለገ ነበር፤ የእንግሊዝን የሕዝብ ሆስፒታሎች ሥራ ያወከውም እርሱ ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን የለቀቀው ከሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ ነው። በጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ውስጥ ይህ በር የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፋይል ለማስተላለፍ ሲባል የተጋራ ማኅደር ሲኖር ነው። ማኅደሩ የይለፍ ቃል ከሌለው፣ ሻይ ይዞ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ባለ ስልክ ሁሉ የደንበኞችን መታወቂያ ሊከፍት ይችላል። መፍትሔው ማጋራቱን ማቆም ወይም በይለፍ ቃል ማሰር፣ ዊንዶውሱን ማደስና ለደንበኞች የተለየ የዋይፋይ ስም መክፈት ነው፤ ብዙ ራውተሮች የእንግዳ መስመር የሚባል አማራጭ አላቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሥራው ያበቃለትን የመታወቂያ ቅጂ በኮምፒውተር ላይ ማከማቸቱን መተው ደግሞ ጥበቃውን ያቀልለታል። ተገልጋዩም ሰነዱን አሳትሞ ሲጨርስ ፋይሉ እንዲጠፋለት መጠየቅ፣ ከማውረጃ ማኅደሩና ከመጣያ ቅርጫቱ መጥፋቱን በዓይኑ አይቶ መውጣት ይችላል።

በቅኝቱ ላይ የሰርጎ ገብነት ምልክት ሲገኝ፣ ለምሳሌ ማንም ያልጫነው የርቀት መቆጣጠሪያ ሲታይ፣ ኮምፒውተሩን ከመስመሩ ነቅሎ ሳያጠፉ ማቆየትና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር እንዲሁም በአቅራቢያ ላለ ፖሊስ ማመልከት ተገቢ ነው። በዚህ አንድ ሁኔታ ብቻ መሣሪያውንም ሆነ ውጤቱን ማስወገዱ ምርመራው እስኪያልቅ ይቆያል፤ የቅኝቱ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት የፈቃድ ወረቀትም ከውጤቱ ጋር አብሮ ይቀርባል።